ጥላሸት በመስኮቱ ብርሃን

በሰፈሩ መታወቂያ ያወጣ ሰው ሁሉ ፊቱን አንድ ጊዜ ለ«ቀናበል» ሰጥቶታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ የፎቶ ሱቁ ውስጥ፣ በርጩማው ላይ የተቀመጠውን ሁሉ «አገጭ ቀና በል! ሁለቱም ጆሮ ይታይ! አትሳቅ!» ሲል ስለኖረ ደንበኞቹ የለጠፉለት ነው። ሙሽራም ሆነ ዳኛ፣ እሱ ፊት ሲቀመጥ የተከሰሰ ይመስላል። ጥላ ያረፈበትን ፎቶ ቢሮ አይቀበልምና ጥላን እንደ ሌባ ያሳድደው ነበር። አንድ አምፖል ከግራ፣ አንድ ከቀኝ፣ ፍላሹ ከፊት፤ አለቀ። ፀሐይ በዚህ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንዳላት አስቦ አያውቅም።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ታላቅ እህቱ ደወለችለት።

«ወንድምዓለም፣ ካሜራህን ይዘህ ና። ጥላሸትን አንሳልኝ።»

ጥላሸት ውሻዋ ነው፤ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ጥቁር፣ ግራ ጆሮው ከቡችላነቱ ጀምሮ እንደ ፖስታ ክዳን የታጠፈ። እሷ ልብስ ሰፊ ናት። እሷ ስትሰፋ እሱ ከስፌት መኪናዋ ሥር ሲተኛ ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ቅዳሜ ግን ጓዟን ጠቅልላ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው፤ አምስተኛ ፎቅ፣ ውሻ የማይፈቀድበት ሕንፃ። ጥላሸት ከቀናበል ጋር እንዲቀር ተስማምተዋል። የቸገራት ሌላ ነው። በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ሁሉ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተሰፉ ሁለት አረንጓዴ ቁልፎችን ነው የሚመስለው።

«አደራህን፣ እሱን የሚመስል ይሁን» አለችው። «እናታችን በመጨረሻ የሰው ፊት እየጠፋባት እንደነበር ታውቃለህ። እኔም ሰሞኑን አንዳንድ ነገር ይጠፋብኛል። እሱ እንዲጠፋብኝ አልፈልግም።»

ቀናበል የሱቁን እቃ ሁሉ ተሸክሞ መጣ። አምፖሎቹን አቆመ፣ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠረ፣ በርጩማውን አስተካከለ፤ ከዚያ ሄዶ መጋረጃውን ግጥም አድርጎ ዘጋ።

«አንተ! ብርሃን ዘግተህ ብርሃን ትሰካለህ?»

«እትዬ፣ የእኔን ሥራ ለእኔ ተይው።»

ውሻው በርጩማው ላይ ወጣ። «አገጭ ቀና! ጆሮ ይታይ!» ጥላሸት ሌንሱን ላሰለት። ቀናበል ሌንሱን ጠርጎ የታጠፈውን ጆሮ በጣቱ ቀና አደረገው፤ ወደቀ። ደገመው፤ ወደቀ።

«ዘጠኝ ዓመት ያልቆመ ጆሮ ለአንተ ሲል ይቆማል?» አለች እህቱ ሳቋን እየዋጠች።

«ሕጉ ነዋ።»

«የማን ሕግ? የውሾች ቀበሌ አለ እንዴ?»

ፍላሹ ቦግ አለ። ጥላሸት በርጩማውን ገልብጦ፣ አንሶላውን ከግድግዳው ላይ ቦጭቆ፣ አልጋ ሥር ገባ። ካሜራው ውስጥ የቀረው አንሶላና አንድ ጅራት ነው። ቀናበል ግን እጅ አልሰጠም፤ አጎንብሶ አልጋው ሥር ሌላ ፍላሽ ለቀቀበት። ሁለቱም ፎቶውን አዩት።

«ይኼማ የከሰል ጆንያ ነው» አለች።

«ዓይን ያለው ጆንያ ነው» ብሎ ሊከላከል ሞከረ።

ሳቀች፤ ግን ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ዓይኗ በሩ ሥር ወደተደረደሩት ሻንጣዎች ሄደ። ቀናበልም አየ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ እጅ እንጀራ በልቶ፣ አንዲት እህቱ የለመነችውን አንድ ፊት ማውጣት አቃተው!

እሷ ሥራ ፈት መቀመጥ አታውቅምና ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃውን ማውረድ ጀመረች፤ ለጎረቤት ቃል የገባችው መጋረጃ ነው። ዘንጉን ስትስበው ጠዋቱ ባንድ ጊዜ ቤቱ ውስጥ ፈሰሰ። ወለሉ ላይ የመስኮት ቅርጽ ያለው ብርሃን ተነጠፈ። ወዲያው ጥላሸት ከአልጋው ሥር ወጣ፤ የሚያውቀውን ቦታ እንደሚያገኝ ሰው ቀጥ ብሎ ሄዶ ብርሃኑ መሐል ተዘረጋ።

«መልሺው፣ ጥላ ይፈጥራል...» ብሎ የጀመረው ቀናበል ወደ ውሻው ጎንበስ አለ።

ጥቁር ነው ያለው ማነው? ትከሻው ላይ ያለው ፀጉር የወፈረ ሻይ መልክ አለው። ጀርባው ላይ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ዘይት ሰማያዊ ነገር ይንቀሳቀሳል። የጢሙ ፀጉሮች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ከመስኮቱ የዞረው ጎኑ ጨልሟል፤ ግን የወደቀው አንሶላ ከወዲያ በኩል ትንሽ ብርሃን አንጸባርቆ ጨለማውን አለስልሶታል። ማንም አላስተካከለውም። በየማለዳው፣ እሱ ሱቁን ዘግቶ አምፖል ሲለኩስ፣ ይህ ሁሉ እዚህ በነፃ ሲሆን ኖሯል!

አምፖሎቹን ነቀላቸው። ከዚያ ደህና ሱሪውን እንደለበሰ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛ።

«ዕድሜህን ሙሉ ሰው ስትገትር ኖረህ፣ ዛሬ ተራው ያንተ ሆነ!»

«አታስቂኝ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ጥላሸት! ጥላሽዬ! ና እስቲ ቀና በል!»

ጥላሸት ያንኮራፋል። ቀናበል አፏጨ፣ ጣቱን አስጮኸ፣ እንደ ድመት ሳይቀር ጮኸ። ብርሃኑ በበኩሉ ማንንም አይጠብቅም፤ ከውሻው እግር ላይ ሸሽቶ ወደ ግድግዳው እያዘገመ ነው። ትንሽ ቆይቶ ጥላሸት ጥላ ውስጥ ይቀራል፤ ነገ ደግሞ ሰማዩ ምን እንደሚመስል ማን ያውቃል?

እህቱ ሄዳ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ክርም ጨርቅም አልነበረም። ባዶውን ረገጠችው። ቅርርርር አለ መኪናው።

«ምን ልትሰፊ ነው አሁን?»

«ዝም በልና ተዘጋጅ። ስሰፋ ይተኛል። ሳቆም ልነሳ መሆኑን ያውቃል።»

እግሯን አነሳች። ቤቱ ጭር አለ።

ጥላሸት ራሱን ቀና አደረገ። የታጠፈ ጆሮው እንደታጠፈ፣ አገጩ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ በሁለቱም ዓይኖቹ ውስጥ ትንሽ ትንሽ መስኮት በርቶ አያት። ቀናበል ቁልፉን ተጫነ። ቀጭ።

ቀስ ብሎ ተነሳና ፎቶውን መረመረ። ፊቱ በግማሽ ጥላ ነው። አንዱ ጆሮ አይታይም። አገጩ ጠማማ። «ቢሮ አይቀበለውም» አለ በሹክሹክታ።

እህቱ መነጽሯን አድርጋ ካሜራውን ወሰደችው። ወደ ዓይኗ አስጠግታ ደጋግማ አየችው።

«እትዬ? ልድገመው?»

«ተው። እያየኝ እኮ ነው።» አፏን በእጇ ሸፈነች። «ልክ እንዲህ ነው የሚያየኝ። ‹ጨረስሽ?› እያለ።»

ዓርብ ከሰዓት ቀናበል ፖስታ ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሲገላበጥ አድሮ፣ ሱቁ ሲገባ እጁ የለመደውን ሠራ፤ ጉርድ ፎቶ፣ አራት ፍሬ፣ ጠርዙ እኩል ተቆርጦ።

«ይኼ ምንድን ነው? ውሻዬ ፓስፖርት ሊያወጣ ነው?»

ቀናበል ግንባሩን መታ። «አቤት ድንቁርናዬ! አምጪው፣ አሁኑኑ አሳድጌው እመለሳለሁ።»

«እጅህን ሰብስብ። ትልቁ አንድ ግድግዳ ላይ ይቀራል። እኔ አንድ ቦታ የምቀመጥ ሰው ነኝ?» አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አንዱን ከመነጽሯ ጋር አኖረችው። «ይኼን ደግሞ የክር ሳጥኔ ውስጥ። አንዱ ቢጠፋብኝ ሌላው ያስታውሰኛል።»

አራተኛውን ትንሽ አየችውና ወንድሟ ደረት ኪስ ውስጥ ሸጎጠችው።

«ይኼ ያንተ ነው። ከነገ ጀምሮ የምታበላውን ሰው እወቀው።»