አፉን የሰፋሁት የነፋስ ከረጢት

ጀሞ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የተሰጣ አንሶላ በየካቲት ነፋስ እየተመታ ጧ ጧ ሲል በሰማሁ ቁጥር፣ የያዝኩትን ሥራ ትቼ ቆሜ አዳምጣለሁ። ልጆቼ «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ «ምንም» እላለሁ እንጂ፣ ያ ድምፅ ከመካኒሳ ወዲያ ወደነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ ሳር ሜዳ ወስዶኝ ካፒቴን ተፈራ የሚባለውን ሰው እንደ አዲስ እንደሚያስጠላኝ አልነግራቸውም።

አባዬ በእርሻ ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች አብራሪ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት ሆኖት፣ እኔም ገና አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። ምሳ ስንበላ መዳፉን እንደ አውሮፕላን ዘርግቶ በጎን ነፋስ እንዴት እንደሚታረፍ ያሳየኝ ነበር፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን ክንፍ ዝቅ አድርጎ፣ አፍንጫውን በእግር መሪው አቅንቶ፣ መጀመሪያ በአንድ ጎማ መሬት ነክቶ፣ ሁለተኛውን ቀስ ብሎ ያስቀምጥና «ነፋስን አትታገይውም ሰብልዬ፣ ትደገፊበታለሽ» ይለኝ ነበር።

ኅዳር ላይ አባዬና ካፒቴን ተፈራ አብረው ሲመለሱ፣ መሪውን የያዘው ተፈራ ሆኖ ሳለ፣ ድንገተኛ የጎን ነፋስ መታቸውና አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ወጥቶ ጎማው ተሰበረ። ስንት ፋሲካ ቤታችን ዶሮ የበላው ያ ሰው «የያዘው እሱ ነበር» ብሎ በአባዬ ላይ ፈረመ። ሌላ ምስክር አልነበረም፤ ተፈራ ደግሞ አለቆቹ ዘንድ ሰው ነበረው። አባዬ የማብረር ፈቃዱን ተነጥቆ እዚያው ሜዳ ላይ ጥበቃ ሆኖ ቀረ፤ ካፖርት ለብሶ ከመንደርደሪያው ላይ ከብት ያባርር ነበር፤ ተፈራ ሲያርፍም ቆቡን አንስቶ ሰላምታ ይሰጠው ነበር። ከሁሉም ያቃጠለኝ ያ ሰላምታ ነው።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ሆኖ በረራ ይቋረጥ ስለነበር፣ እማዬ ለበጋው የሚሆኑ የነፋስ ከረጢቶች ትሰፋ ነበር። ከረጢቱ ከፊትም ከኋላም ክፍት የሆነ ብርቱካናማ ጨርቅ ነው፤ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ በአፉ ሲገባ ይነፋና፣ አብራሪው ከላይ አይቶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣና ምን ያህል እንደበረታ ያውቃል፤ ከተንጠለጠለ ግን ነፋስ የለም ማለት ነው። በየጊዜው ስለሚቀደድ ቅዳሜ ቅዳሜ አዲሱን በገመድ ስቤ የምሰቅለው እኔ ነበርኩ፣ አባዬም አምኖኝ አያየውም ነበር። ያን ክረምት እማዬ አጠገብ ተቀምጬ መርፌ አያያዝ ስማር፣ ተፈራ በነፋስ ተገልብጦ የማይበትን ቀን ብቻ አስብ ነበር። እንዲያፍር ብቻ ነው የምፈልገው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፤ እንዲሞትም እፈልግ ነበር።

የካቲት ገባና አንድ ቅዳሜ ተፈራ ቀትር ላይ እንደሚመለስ ሰማሁ። የከረጢቱን አፍ ከፍቶ ከሚይዘው የሽቦ ቀለበት ዝቅ ብሎ ያለውን ጨርቅ ሰብስቤ፣ በድርብ አረንጓዴ ክር ጥርቅም አድርጌ ሰፋሁትና ሰቀልኩት። ጠዋት ነፋስ ስላልነበረ ማንም ልብ አላለውም። ቀትር ላይ ከፉሪ በኩል ነፋሱ ተነስቶ አቧራና ሳር ሲያግበሰብስ፣ ከረጢቱ ግን አፉ ስለተሰፋ ሳይነፋ ምሰሶው ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ተፈራ ነፋስ እንደሌለ ሁሉ ክንፎቹን አስተካክሎ መጣ። መሬት ሊነካ ሲል ነፋሱ አንዱን ክንፍ ወደ ላይ ቀለበሰው፤ አውሮፕላኑ ተንገዳግዶ፣ እንደምንም ተርፎ መልሶ ተነሳ። እኔ ምሰሶው ሥር ቆሜ «አሁን፣ አሁን» እል ነበር። አባዬ ከበሩ ወጥቶ አቧራውን አየ፣ ከረጢቱን አየ፤ ምሳ ይዛለት ከመጣችው ከእማዬ ትከሻ ነጠላዋን መንጭቆ ሮጦ መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ቆመና፣ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ነጠላውን ነፋሱ ጧ ጧ እያሰኘ እንዲዘረጋው አደረገ።

«በስመ አብ! ይገጭሃል፣ ውጣ!» ብላ እማዬ ጮኸች።

አልወጣም። አውሮፕላኑ ዞሮ መጣና በፉሪ በኩል ያለውን ክንፉን ዝቅ አድርጎ፣ በአንድ ጎማ፣ ከዚያ በሁለተኛው፣ አባዬ አጠገብ አልፎ አረፈ።

ተፈራ ፊቱ አመድ መስሎ ወረደ። «ከረጢቱን ምን አድርገህ ነው? ልትገድለኝ ነው?» ብሎ አባዬ ላይ ጮኸ። አባዬ ከረጢቱን በገመዱ አውርዶ አረንጓዴውን ክር አየ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ተመለከተና ጨርቁን ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ከተተው። «የኔ ጥፋት ነው ካፒቴን፣ ሳላየው ነው የተሰቀለው» አለ። «እኔ ነኝ» ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። ተፈራ የዚያኑ ዕለት «ቂም ይዞ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ጻፈበት፣ ሰኞ አባዬ ከጥበቃነቱም ተባርሮ ካፖርቱን መለሰ። ያን ቅዳሜ ቤት ስንገባ አባዬ አልመታኝም፣ አልጮኸብኝም፤ ከረጢቱን ጭኔ ላይ አስቀምጦ «ፍቺው፤ ነገም የሚያርፍ ሰው አለ» ብቻ አለኝ።

ያ ሜዳ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል፤ አባዬም ከረጢቱን ማን እንደሰፋው ለማንም ሳይናገር ሞቷል። ተፈራ አርጅቶ ምርኩዝ ይዞ ታክሲ ሲጠብቅ አንዳንድ ቀን አገኘዋለሁ፤ ወጣቶች «ካፒቴን፣ ይቅደሙ» እያሉ ወረፋ ይለቁለታል። ይቅር አላልኩትም፣ አልልምም። ልጅ ሳለሁ የምጠላው እሱን ብቻ ስለነበር ቀላል ነበር። ዛሬ ግን በሰው ፊት ላዋርደው ወደ እሱ እራመድና፣ አባዬን ከሜዳው ጨርሶ ያስወጣው የማን እጅ እንደነበር ትዝ ሲለኝ፣ ተመልሼ ወረፋዬን እይዛለሁ።