ለሽማግሌ የሚነሱ ሰዎች ጀልባ

ያን ዓመት ያየሁት ነገር ሁሉ ጀልባ ይመስለኝ ነበር። ሶዶ ላይ ዝናብ አባርቶ በመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ የእንሰት ቅጠል ተንሳፍፎ ሲወርድ ካየሁ ቆሜ እቀራለሁ። ባጃጁ ጡሩምባውን ይነፋል፤ "እትዬ፣ መንገዱን ልቀቂ እንጂ!" ይላል ሹፌሩ። እኔ ግን የቅጠሉ ጫፍ ውሃውን እንዴት እንደሚከፍለው እያየሁ ነው። እሁድ ቸርች ተቀምጬ እንኳ፣ ሰባኪው ስለ ገሊላ ባሕር ማዕበል ሲያነብ፣ በመዝሙር ደብተሬ ጠርዝ ላይ የሐዋርያቱ ጀልባ ሆዱ ምን ያህል ቢሰፋ እንደማይናወጥ አሰላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

የማስተምረው የቴክኒክ ሥዕልና የብረታ ብረት ሥራ ነው። የውሃ ሰው አይደለሁም። ዋና እንኳ አልችልም፤ ይህንን ከተማሪዎቼ ደብቄ ነው የኖርኩት። ጀልባ ውስጥ ያስገባችኝ ታናሽ እህቴ ናት።

እህቴ ያገባችው ከሶዶ በስተምዕራብ፣ ኦሞ ተገድቦ ውሃው ከተኛበት ማዶ ነው። ድሮ ሸለቆውን ወርዶ የሚወጣው የእግር መንገድ ከውሃው ሥር ቀርቷል። ጤና ጣቢያው ደግሞ በወዲህኛው ዳር ነው። በመጀመሪያው እርግዝናዋ ምጥ ሲይዛት የተሳፈረችበት ጀልባ ሰፊ፣ ከባድ፣ ውሃውን እየገፋ የሚንፏቀቅ የላሜራ ሳጥን ነበር። ረፋድ ላይ ተነስተው የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ነርሷ "ምነው ትንሽ ቀደም ብትሉ" አለች። ሕፃኑ ሳይተነፍስ ቀረ።

እህቴ አላለቀሰችም፤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ተናደድኩ። እኔ ስናደድ እጄ እርሳስ ይፈልጋል። እንደገና ማርገዟን በስልክ ስትነግረኝ፣ "የአሁኑ ልጅ አይዘገይም። እኔ ራሴ ጀልባ እሠራልሻለሁ" አልኳት።

ሳቀች። "አንቺ? ጉድጓድ ውሃ አይተሽ የምትሸሺ?"

እውነቷን ነው። ግን ከአፌ ወጣ፣ አለቀ።

ቀጭን ነገር ውሃን ሳያስቀይም ያልፋል። መጀመሪያ የገባኝ ይህ ነበር። ርዝመቱን ጨመርኩ፣ ወገቡን ቀነስኩ፣ ሆዱን ክብ አደረግኩት። በላፕቶፔ ላይ ሳዞረው፣ ከአፍንጫው ተነስቶ እስከ ኋላው የሚወርደው መስመር አንድም ቦታ ሳይሰበር ይፈሳል። ያንን መስመር ወደድኩት፤ ሌላ ቃል የለኝም። ከምሳ በኋላ ባዶው ወርክሾፕ ውስጥ ጭንቅላቴን በሥዕል ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ ሳንቀላፋ በሕልሜ ይመጣል። ጀልባዬ ድምፅ ሳያሰማ ውሃው ላይ ይንሸራተታል፤ ዳሞታ ተራራ ከሥሩ ተገልብጦ ይታያል፤ ብርሃኑ ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። በሕልሙ ውስጥ ሰው አልነበረም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ላሜራውን የሚበይድልኝ የሥራ ባልደረባዬ ሥዕሉን አይቶ፣ "ይሄ ጀልባ ነው መርፌ?" አለኝ።

"አንተ ብየዳህን በይድ!"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለና መነጽሩን አጠለቀ። አልሰማሁትም ብዬ አለፍኩት።

ተሠርቶ ሲያልቅ በአይሱዙ ጭነን ወደ ውሃው ወሰድነው። መጀመሪያ በሰው ፋንታ የአሸዋ ጆንያ አግዳሚዎቹ ላይ ደርድረን ሞከርነው። ውይ አካሄዱ! ውሃው እንደ ጨርቅ ለሁለት ተቀደደለት። ሳጥኑ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን መንገድ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጨረሰው። ወዲያና ወዲህም አላለ። የአሸዋ ጆንያ ጨዋ ተሳፋሪ ነው፤ ከተቀመጠበት አይነሳም።

በማግስቱ የመንደሩ ሰው ተሰበሰበ። ስድስት ሰዎች ተሳፈሩ፣ እኔ ሰባተኛ ሆኜ መሐል ተቀመጥኩ። እህቴ ስምንት ወር የሞላው ሆዷን ይዛ ዳር ቆማ ትስቃለች። ሞተረኛው ሊያስነሳ ሲል የእህቴ አማት፣ የመንደሩ ትልቅ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡና አንድ እግራቸውን የጀልባው ጠርዝ ላይ አደረጉ።

"ኖር!" አልንና ሰባታችንም ብድግ አልን።

ጀልባው ተኛ። በቃ፣ በጎኑ ተኛ። ሽማግሌው ከነከዘራቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ከዳር ስለሆነ ውሃው ከደረት አያልፍም፤ ወዲያው አወጣናቸው። ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! ሰው ሲቆም የክብደቱ ማዕከል ሽቅብ እንደሚወጣ፣ ቀጭንና ክብ ሆድ ያለው ጀልባ ያንን እንደማይችል ለተማሪ የማስረዳ ሰው ነኝ። ሁሉንም ነገር አስልቻለሁ። እዚህ አገር ለሽማግሌ እንደሚነሳ ግን አላሰላሁም። ለዚያውስ ቀድሜ ብድግ ያልኩት እኔ አይደለሁም?

ኀፍረቴ ንዴት ሆኖ ወጣ። "ምን አስነሳችሁ? ቁጭ በሉ አልተባላችሁም?" ብዬ ጮህኩ።

አንዲት እርጥብ ቀሚሷን የምትጨምቅ ሴት ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺንስ ምን አስነሳሽ?"

እኔ ግን ደረቅ ነኝና "እንግዲያው 'መነሳት ክልክል ነው' ብዬ እጽፍበታለሁ" አልኩ። ሽማግሌው ጋቢ ደርበው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጡ ነበር። በወላይትኛ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ልጄ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለታላላቆቼ ስነሳ ኖሬ፣ አሁን ተራዬ ደርሶ ሲነሱልኝ ብረትሽ ይከልክል?" አሉኝ። "ሰዉን ተይና ብረቱን አስተካክዪ።"

ሰዉ ዳግመኛ ላይሳፈርበት ማለ። እህቴ አብራኝ ቆይታ፣ "እትዬ፣ በዚያ ሳጥን ግን ሁለተኛ አልሄድም። ልጁ ከመጣ እቤቴ ይምጣ" አለችኝ። ይህን ስትል አልሳቀችም። ፈራሁ። የቀረን አንድ ወር ነው።

ጀልባውን መልሼ አስጭኜ ወደ ሶዶ ተመለስኩና መስመሩን በላፕቶፔ ላይ አሰፋሁት። ሲሰፋ አይገለበጥም፣ ግን ይጎተታል፤ ያው ሳጥኑ ሆነ። አጠበብኩት፤ ይሮጣል፣ ግን ይገለበጣል። ሳሰፋ ሳጠብ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ በርቀት ዳሞታ ላይ ደመና ተንተርሶ፣ ከዝናብ በኋላ ቦይ ላይ በተጣለ ግንድ ላይ አንዲት ሴት ስትሻገር አየሁ። እጆቿን ሰብስባ ትራመድና፣ ሲያዳልጣት ብቻ ሁለቱንም ትዘረጋለች። ከዚያ መልሳ ትሰበስባለች። ሰው ክንዱን ዘርግቶ አይውልም፤ ሊወድቅ ሲል ነው የሚዘረጋው። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ "እሰይ!" አልኩ። ሴትየዋ በእሷ የሳቅኩ መስሏት ተቆጣችኝ።

ቀጭኑን ጀልባ ሳልነካው በግራና በቀኙ አየር የታመቀባቸው ሁለት ረጃጅም ቧንቧዎች አስበየድኩለት። ጀልባው ቆሞ ሳለ ሁለቱም ውሃውን ይነካሉ፤ ሊጋደል ሲል ወደ ውሃው የሚገባው ቧንቧ መልሶ ያነሳዋል። ሲሮጥ ግን ጀልባው ከፍ ስለሚል ቧንቧዎቹ ከውሃው ይወጣሉ፤ አይጎትቱትም። ባልደረባዬ የመጨረሻውን ብየዳ ጨርሶ መነጽሩን አወለቀ። "አሁን ጀልባ ነው" አለ።

መንደሩ ስንደርስ ደፍሮ የተሳፈረ ጥቂት ነው። ሽማግሌው በእርጋታ መጡና ያንኑ እግራቸውን አነሱ። "ኖር!" ብድግ አልን። ጀልባው ትንሽ ዘንበል አለ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

"በእግዜር፤ ተቀመጡ" አሉና ገብተው ተቀመጡ።

እህቴ ምጥ የያዛት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጠዋት ላይ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ እዚያው ነበርኩ። የመንደሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ሞተረኛው፣ እህቴና እኔ ብቻ ተሳፈርን። ውሃው ላይ ጉም ነበር፤ ዳሩ ጠፍቶ ሰማይና ውሃ አንድ ሆነዋል። እህቴን ደረቴ ላይ አስደግፌ ይዣታለሁ። ቧንቧዎቹ ከውሃው ሲወጡ አየሁና "በላ፣ ሂድ!" አልኩ ለሞተረኛው። ከልጁ በፊት እንደርሳለን። ይሄንን ነው ዓመቱን ሙሉ ያለምኩት።

መሐል ላይ የጤና ሠራተኛዋ ቀና አለች። "ሞተሩን አጥፋው።"

"አይሆንም! ትንሽ ነው የቀረን!" አልኩ።

"ልጁ ይኸው መጥቷል። በዚህ ንዝረት ልይዘው አልችልም። አጥፋው!"

እህቴ እጄን ጨመቀችኝ። "እትዬ፣ ተይ" አለች። ሞተሩ ጠፋ። ድንገት የሆነው ዝምታ ጆሮ ይደፍን ነበር። ያኔ ዞር ስል፣ ስንሮጥ ያስነሳነው የራሳችን ማዕበል ከኋላችን ሲመጣብን አየሁ። አምላኬ! ይህንንስ አላሰብኩትም ነበር። እህቴን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። ማዕበሉ ከሥራችን ገባ፤ ጀልባውን ከነሁላችን ወደ ላይ አነሳው፤ ከዚያም ሳያጋድል፣ ሳያንገጫግጭ፣ መልሶ አስቀመጠን። ቧንቧዎቹ ሁለቱም ውሃው ላይ ነበሩ።

የጤና ሠራተኛዋ ሕፃኗን ተቀበለቻት። ጀርባዋን በጨርቅ ታሻታለች። ስንት ጊዜ እንዳለፈ አላውቅም፤ ጉሙ አይንቀሳቀስም፣ እኛም አንንቀሳቀስም። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ሞተረኛው ፊቱን ወደ ውሃው እንዳዞረ ተንሰቀሰቀ። እኔም ተንሰቀሰቅኩ።

እህቴ ዓይኗን አልገለጠችም። "ደረስን?" አለችኝ።

ዙሪያችን ውሃ ብቻ ነበር። ዳሩ ከየት በኩል እንደሆነ እንኳ አይታይም።

"ደረስን" አልኳት።