የለይኩን የውሰት በርጩማዎች

ለይኩን ሮም ሄዶ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተምሮ ሲመለስ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ጎረቤቶች ተሰብስበው ሥዕል ይሥል እንደሆነ ጠየቁት። አይሥልም። ይሸጣል? አይሸጥም። ታዲያ ምን ያደርጋል? ሌሎች የሣሉትን አይቶ ያስረዳል። ጎረቤቶቹ እናቱን ወይዘሮ ሸዋረገጥን እግዜር ይማረው ብለው አጽናንተው ወጡ።

የተቀጠረበት መሥሪያ ቤት ግን ጥበብ ማወቁን አከበረለት፤ የሱቅ ታፔላ ተቆጣጣሪ አደረገው። ሁለት ዓመት «ሥጋ ቤት» የሚለው ጽሑፍ ላይ ቀለም መልቀቁንና አለመልቀቁን ሲያይ ኖረ።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊ ቤት ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች ባለ ሦስት እግር በርጩማ አየ። ሮም እንኳ እንደዚህ ደንግጦ አያውቅም። ሙዚየም ሊያቋቁም ወሰነ። የቡና ነጋዴው ከሊል ቡና እስኪደርስ ባዶ መጋዘኑን ሰጠው። አንድ የጠቅላይ ግዛቱ ሹም ደግሞ መጥቶ ካየና ከወደደው ቋሚ ቤት እንደሚያሰጠው ቃል ገባለት። ካልወደደው መጋዘኑ ወደ ቡናው ይመለሳል።

ለይኩን በአጋሮና በሸቤ ቤት ለቤት ዞረ። ሙዚየምን በኦሮምኛ ምን እንደሚለው ቢጨንቀው፣ «ለትልቅ ቀን በርጩማችሁን አውሱኝ፤ እሑድ እናንተም ኑ» አለ። አገሩ ይህን አነጋገር ያውቀዋል። ሰርግ ያለበት ሰው መቀመጫ ይዋሳል፤ ሲያበቃ ባለቤቱ ይወስዳል። ማንም አልከለከለው። የሸቤዋ አዛውንት አዴ ዘይቡ የራሳቸውን በርጩማ ቅቤ ቀብተው፣ «አላህ ይባርክላችሁ፣ ውለዱ ክበዱ» ብለው ሰጡት። ለይኩን ለቅርስ ያላቸው ፍቅር አስለቀሰው።

እሑድ በርጩማዎቹን ደርድሮ፣ ማንም እንዳይነካቸው ዙሪያውን ገመድ ወጥሮ ጠበቀ። ባለበርጩማዎቹ የክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማር ተሸክመው፣ እልል እያሉ ገቡ። የአጋሮው ሽማግሌ አባቦራ ገመዱን ለድግሱ ሙክት ማሰሪያ መስሏቸው ጠቅልለው ጥግ አስቀመጡት። ሁሉም የየራሱን ፈልጎ ተቀመጠ። ሹሙ ሲደርስ መቀመጫ ጠፋለት።

ለይኩን ላብ እያጠመቀው ስለ ጥንት ሮማውያን ወንበር መናገር ጀመረ። አዴ ዘይቡ ታገሡ፣ ታገሡና ሙሽራዋ የት እንዳለች ጠየቁ።

ለይኩን ንግግር ማሳመር ይወድ ነበር። «የዛሬዋ ሙሽራ» አለ፣ «ሙዚየም ናት።»

«የማን ልጅ ናት?»

ሹሙ እስኪያነባ ሳቀ። ለዚህ ሰው ከቤቱ በፊት ሚስት ይፈለግለት ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። እንግዶቹም ድግስ የሌለበት ሰርግ አይተው እንደማያውቁ እያጉረመረሙ በርጩማቸውን አነሱ።

ለይኩን እጁን ዘርግቶ በሩን ዘጋ። ይህ የአገር ቅርስ ነው፣ አይወጣም አለ። ወንዶቹ ሊገፉት ሲሉ አዴ ዘይቡ ቀረቡት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ሸቤ ለቅሶ አለብን። እኔ አሮጊቷ መሬት ልቀመጥልህ?»

እጁ ወረደ። የእሳቸውን በርጩማ ራሱ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሸኛቸው። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። እሱ አጠገባቸው ቆሞ የበርጩማው እግሮች ለምን ሦስት እንደሆኑ፣ ጠራቢው ከየት እንደጀመረ ይነግራቸው ጀመር። ሌሎቹ ተሳፋሪዎችም ከበቡት። አውቶቡሱ ዘግይቶ ስለነበር፣ ሁሉም እስከ መጨረሻው አዳመጡት።