እናቴ የመዘነችው ፓወር ሰፕላይ

ፈሪ ነኝ፤ ምን ላድርግ! እናቴ መታጠቢያ ቤት ራሷን ስታ ከወደቀች ወዲህ ደግሞ ብሶብኛል። ያን ቀን ብቻዋን ነበረች። ጎረቤት ውሃው ሲፈስ ሰምቶ በር ባይሰብር ኖሮ... ተዉት፣ አልጨርሰውም።

ሥራዬ ገና ያልተገነቡ ሕንፃዎችን በኮምፒውተር ተገንብተው እንዲታዩ ማድረግ ነው። ሩዋንዳ ሰፈር ያለው ቢሮዬ አያት ከሚገኘው ኮንዶሚኒየማችን ሆኜ እንድሠራ የፈቀደልኝ የቤቴ ኮምፒውተር አዲሱን ሥራ ከቻለ ብቻ ነው። ካልቻለ ቢሮ መመለስ፣ እሷንም በር ዘግቼባት መሄድ ሊሆን ነው። ምስሉን የሚሠራልኝን አዲስ ግራፊክስ ካርድ እንደምንም አገኘሁ። ግን ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ የድሮ ነው፤ አቅሙ አራት መቶ ዋት ብቻ። ለካርዱ ስድስት መቶ ሃምሳ ያስፈልጋል። ደካማ ከሆነ ሲቃጠል ካርዱንም ይዞት ይሄዳል ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ቦሌ ወዳለ ሱቅ እናቴን ይዤ ሄድኩ፤ ለማን ልተዋት? ሻጩ ሁለት አወጣ። አንደኛው ስድስት መቶ ሃምሳ ነው፤ ስለ እሱ አንብቤ የመጣሁት ዓይነት፣ ዋስትናም አለው። ሌላው ላይ ሰባት መቶ ሃምሳ ተጽፎበታል፤ ስሙን ሰምቼው አላውቅም።

«ማዘር፣ እስቲ ያንሱት» አላት። «ክብደቱ ራሱ ይናገራል።»

እናቴ የበዓል ዶሮ ስትገዛ ክንፉን ይዛ ከፍ ዝቅ ታደርገዋለች፤ አንድም ቀን ተሸውዳ አታውቅም። ሁለቱን ሣጥኖች በየተራ እንደዚያው አደረገቻቸው።

«ይሄኛው ሥጋ አለው» አለች፣ ከባዱን፣ ሰባት መቶ ሃምሳ የተጻፈበትን፣ እየሰጠችኝ። «ያኛው ላባ ብቻ ነው።»

ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን እሺ አላለም። ከወደቀች ወዲህ ምን እንደምትበላ እንኳ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ምረጪ ያላት ሰው የለም። ፊቷ በርቶ ሳየው አይሆንም ማለት አቃተኝ። ከባዱን ይዘን ተመለስን።

ሁለት ቀን ሠራ። እኔ ሞቀ፣ አልሞቀም እያልኩ በየደቂቃው እዳስሰዋለሁ። «ምጥ የያዛት ላም አስመሰልሽው እኮ!» እያለች አሾፈችብኝ።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ቢሮው የላከልኝን የመጀመሪያ ሕንፃ ኮምፒውተሩ ላይ ሳስጀምር ጧ! አለ። ስክሪኑ ጠፋ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው። በኋላ ሲፈታ እንዳየነው፣ ያ ሁሉ ክብደት ውስጡ የተጣበቀ ቁራጭ ብረት ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ስለ ሣጥኑ ማን አስቦ! ገመዱን ነቅዬ፣ ክዳኑን ከፍቼ ካርዱን አወጣሁ። አገላበጥኩት፣ አሸተትኩት፤ «አምላኬ፣ እሱን ብቻ አትርፍልኝ!» እያልኩ። ከኋላዬ አንድ ነገር ድው ሲል ሰምቻለሁ። ሰምቼ አልዞርኩም። ወንበር መስሎኝ ነው ብል ውሸቴን ነው።

ስዞር እናቴ በሩ ሥር ወድቃለች፤ ፍንዳታው አስደንግጧት ወደ እኔ ስትሮጥ ነው። ግንባሯ ይደማል። ካርዱ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

«ተቃጠልሽብኝ እንዴ ልጄ?» አለችኝ።