ዱጋልድ ከአውቶቡስ ያልወረደበት ጨዋታ

ዱጋልድ ኢምሪ ጡረታ የወጣ ጣሪያ ሠሪ ነው። በዚያ ዓመት ከነሐሴ ጀምሮ ከእኛ ከኪንሎሃን ሮቨርስ ደጋፊዎች ጋር በአውቶቡስ ሲጓዝ አንድም ጨዋታ አላመለጠውም ነበር። የካቲት ላይ ግን በረዶ እየጣለብን ሦስት ለዜሮ ስንሸነፍ፣ ደረቱን ይዞ ቁጭ አለ። ሐኪሙም "ከእንግዲህ ኳስ ማየት ይቅርብህ" አለው። ዱጋልድ ቃሉን አከበረ፤ አብሮን ይሄዳል፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ግን ከአውቶቡሱ አይወርድም።

የመጨረሻው ጨዋታ በሰው ሜዳ ነበር። ከሊጉ ላለመውረድ አቻ ይበቃናል። እሱ ስልኩን አጥፍቶ ብቻውን ተቀመጠ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከስታዲየሙ ትልቅ ጩኸት ሰማ፤ የማን ደስታ እንደሆነ ግን መለየት አቃተው።

ጥቂት ቆይቶ የማህበራችን ሰብሳቢ ሴንጋ እንባዋን እየጠረገች፣ ቀስ ብላ ወደ አውቶቡሱ መጣች።

"ወረድን አይደል?" አላት።

"አልወረድንም። ዜሮ ለዜሮ ነው። መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጥቶብን በረኛችን አዳነው።"

"ታዲያ እንደ ለቀስተኛ የምትመጪው ልትገድይኝ ነው?"

"እንዳትደነግጥ ብዬ እኮ ነው ቀስ ያልኩት፣ አንተ ምስጋና ቢስ ሽማግሌ።"

ዱጋልድ ደረቱን ዳበስ አደረገ። ልቡ በሰላም ይመታል። እየዘፈንን ስንገባ፣ ከጠዋት ጀምሮ አልዋጥ ያለውን የሥጋ ፓይ ሲገምጥ አገኘነው። አገራችን እስክንገባም ያቺ ኳስ እንዴት እንደዳነች ደጋግሞ አስተረከን።