የባሪ ባቡር ጣቢያ ሽማግሌዎች

ሐሙስ፣ ሊነጋ ሲል፣ ሱሉልታ

ታክሲው ሳይመጣ ኦቦ ደበላ ደርሰዋል። የሟቹ አባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ በቤታችን ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ሜዳው ውርጭ ለብሷል።

“በእኔ ቦታ ነው የምትሄጂው” አሉኝ። “አደራ።”

አደራው ይህ ነው። ታናሽ እህቴ ለሊሴ በደቡብ ጣሊያን፣ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ፣ አረጋውያን እየተንከባከበች መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ባለፈው ክረምት ደውላ “አንድ የዚህ አገር ሰው ላገባ ነው” አለች። እናቴ ስልኩን እንደያዘች “ጃርሳ ይላክ” አለች፤ ሌላ አልጨመረችም። ጃርሳ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ቆሞ ሳይጠይቃት ከቤታችን የወጣች ልጅ የለችም። ሽማግሌ ካልመጣ ምርቃት የለም፤ ለሊሴ ደግሞ ሳልመረቅ አላገባም ብላለች። ይህን ለሰውዬው መንገር አፈረች። “ይስቅብናል፣ እቴቴ” አለችኝ። በምትኩ የአውሮፕላን ቲኬት ላከችልኝ፤ ነይና አገሩን እይ፣ በባቡር እንሄዳለን፣ ከዚያ ወዲያ የሚያዞረን ሾፌር ተከራይቻለሁ ብላ።

ኦቦ ደበላ አውሮፕላን እንደማይሳፈሩ ተናግረዋል። ስለዚህ ሽማግሌ ከመጣ ተቀባይዋ እኔ ነኝ።

“ሴት ሽማግሌ ስትቀበል አይተው ያውቃሉ?” አልኳቸው።

“አላየሁም። ካላየን እናያለን። ብቻ በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳትዪ። ‘ተመካክረን እንመልሳለን’ በዪ። ልጃችን የገበያ ዕቃ አይደለችም።”

“ካልመጡስ?”

“ካልመጡ ጎብኝተሽ ትመጫለሽ።”

ታክሲው በእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ከተማው ገና መብራቱን አላጠፋም ነበር።

አርብ፣ ከሮም ወደ ባሪ

ባቡሩ ሲነሳ ድምፅ የለውም፤ ጣቢያው ወደ ኋላ ሲሄድ ነው መነሳታችን የታወቀኝ። ለሊሴ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ሳቋ ግን ያው ነው። መጀመሪያ ወይን የተተከለባቸው ኮረብቶች፣ ከዚያ ጨለማ ዋሻዎች፣ ከዋሻው ስንወጣ ደግሞ የታጨደ የስንዴ ሜዳ፣ በሜዳው ላይ እንደ በርሜል የተጠቀለለ ድርቆሽ። በድርቆሽና በወተት ያደግን ሁለት የሱሉልታ ልጆች መስኮቱ ላይ ተለጥፈን ድርቆሽ ስናይ፣ ጎናችን የተቀመጡት ሴትዮ ምን አግኝተው ነው በሚል አንገታቸውን አስግገው አዩ።

“የእኛ ይበልጣል” አለች ለሊሴ።

“የኛ ክምሩ የተስተካከለ ነው።”

እኔ የበኩር ልጅ ስለሆንኩ ከላሞቹ ጋር ቀረሁ፤ ትምህርት ቤት የሄደችው እሷ ናት። ማታ ማታ በኩራዝ ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። ስሳሳት ጣቴን በስንደዶ ትመታ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የማታ ትምህርት የገባሁት፤ አሁን በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ላማርር አይደለም። ይዤው የሄድኩት አደራ ለእኔ ስንት እንደሚመዝን እንዲታወቅ ነው።

ቀኑ አርብ በመሆኑ ምን እበላለሁ ብዬ ሰግቼ ቋጠሮዬን በዳቦ ቆሎ ሞልቼ ነበር። አላስፈለገም። የባሪ ሰው ቲማቲም የተጨፈለቀበት በዘይት የራሰ ጠፍጣፋ ዳቦ ይበላል፤ ፓስታውን ደግሞ ከጎመን ጋር ያበስላል። ሳያውቀው የሚጾም አገር ነው።

ጣቢያው በር ላይ ሾፌሩ ይጠብቀናል። አርባዎቹን የያዘ፣ ቀጭን፣ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለበት ሰው ነው። ሻንጣዬን ተቀብሎ “አካም ጅርቱ?” ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ። ዜማው የሱሉልታ ነው፤ እንዲያውም የእህቴ። መኪናው ውስጥ ስንገባ ለሊሴ ሳትፈልግ፣ ሳትጠይቅ፣ ከፊት ካለው መሳቢያ የራሷን የፀሐይ መነጽር አውጥታ አደረገች።

ገባኝ። እንደገባኝም ገባት። “ሾፌራችን፣ ቪቶ” አለችኝ። ሽማግሌ ሳይመጣ እጮኛ የሚባል ሰው የለም፤ ስለዚህ ቪቶ ሾፌር ነው።

ቅዳሜ፣ አልቤሮቤሎ

ይህች ከተማ በጎጆ የተሞላች ናት። ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ ጣሪያው ከግራጫ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለ ጭቃ ተደራርቦ ሾጥጦ የወጣ። ከሩቅ ሲያዩት የእኛ መንደር ድንጋይ ሆኖ የቀረ ይመስላል። በየበሩ ማግኔት፣ የጨርቅ ቦርሳ፣ ትንንሽ የድንጋይ ጎጆ ይሸጣል። አንዲቷን ትንሽ ጎጆ ዋጋ ብጠይቅ በሱሉልታ የአንድ ወር ወተት የሚገዛ ነገር ነገሩኝ፤ በአክብሮት መልሼ አስቀመጥኳት።

ከከተማው ውጭ ቀይ አፈር፣ የድንጋይ ካብ፣ ማለቂያ የሌለው ወይራ። ግንዱ ተጣምሞ፣ ተሰንጥቆ፣ ወገቡ ተቦርቡሮ ሰው የሚያስገባ። ቪቶ መኪናውን አቆመልኝ። ቅርንጫፉን ቀንጥቤ አሸተትኩ።

“እኛ የወተት ጮጮ የምናጥነው በዚህ ነው” አልኩ፤ ለሊሴ ተረጎመች።

ቪቶ ደነገጠ። “ታቃጥሉታላችሁ? ወይራን?”

“ጭሱ ወተቱን ያጣፍጠዋል።”

“አጎቴ ቢሰማ ያለቅሳል” አለ፤ ሳቀም።

እኩለ ቀን ላይ ቡና ልንጠጣ ገባን። እዚያ አገር ቡና በባንኮኒው ቆመው ከጠጡት ርካሽ ነው፤ ከተቀመጡ ይጨምራል። ሁሉም ቆሟል፤ እኛም ቆምን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ እንደማላገኝ ተረዳሁ።

“ለሾፌሩ ተርጉሚለት” አልኳት ለሊሴን። “በእኛ አገር አንድ ሰው ልጅ ሲፈልግ ራሱ አይጠይቅም። ሦስት ሽማግሌ ይልካል።”

ለሊሴ ጆሮዋ ሳይቀር ቀላ፤ ስኒዋን አስቀመጠች። ቃል ሳትቀንስ ተረጎመችው።

“ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው ይቆማሉ። ተቀመጡ ቢባሉም ጉዳያቸውን ሳይናገሩ አይቀመጡም።”

ቪቶ አሰበ። “ጉልበታቸው የሚያማቸው ከሆነስ?”

“ያኔም ይቆማሉ።”

“እኛም” አለ ስኒውን እያሳየኝ፣ “ቁም ነገር ቆመን ነው የምንሠራው።” አልሳቀም። እህቴ ይስቃል ያለችው ሰው አልሳቀም።

እሁድ ጠዋት፣ ሎኮሮቶንዶ

ያደርነው ኮረብታ ላይ በተሠራች ነጭ ከተማ፣ በአንዲት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ደወል ሲደወል ነቅቼ መስኮት ከፈትኩ። ከግቢው በር ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ኮት ለብሰው፣ ቆመዋል። ቪቶ ከኋላቸው መኪና ውስጥ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል፤ እንደማንኛውም ተከራይ ሾፌር።

ነጠላዬን አስተካክዬ ወረድኩ። እዚህ ላይ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። በሥርዓቱ ልጅቷ ሽማግሌ ባለበት አትታይም፤ የሚያስተረጉም ሰው ደግሞ ከእሷ በቀር የለም። ለሊሴን ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ አቆምኳት። በበሩ ስንጥቅ ትተረጉማለች።

ተናጋሪው ሮኮ ይባላሉ፤ የቪቶ አጎት፣ ጡረታ የወጡ የባቡር ጣቢያ ሹም ናቸው። ሁለተኛው ፀጉር አስተካካይ። ሦስተኛው ኒኖ፣ የወይራ ገበሬ።

“ተቀመጡ” አልኳቸው።

ኒኖ ጉልበታቸውን ይዘው ወደ ወንበሩ ዝቅ ማለት ጀመሩ። ሮኮ በክርናቸው ጎሸም ሲያደርጓቸው ተመልሰው ቀጥ አሉ።

“አንቀመጥም” አሉ ሮኮ። “ልጅ ልንለምን ነው የመጣነው። ልጃችን ቪቶ ሠርቶ የሚበላ ነው። እናቱ ሞታለች፤ ያሳደግነው ሦስታችን ነን። አይጮህም። አንዳንዴ ስልክ አያነሳም፤ ይህንን አንደብቅም። ልጃችሁን ስጡን።”

ከበሩ ጀርባ የለሊሴ ድምፅ መጨረሻው ላይ ሰለለ።  እሺ ማለት አምሮኝ ነበር፤ ግን የቆምኩት በራሴ ቦታ አይደለም።

“ተመካክረን እንመልሳለን” አልኩ።

“መቼ?”

“ነገ ጠዋት። ወደ ሮም የምመለስበት ባቡር ሳይነሳ፣ ባሪ ጣቢያ።”

ከበሩ ጀርባ “እቴቴ፣ አብደሻል? ጉልበታቸውን እያየሽ?” የሚል ሹክሹክታ መጣ።

“ተርጉሚ።”

ተረጎመች። ሮኮ ግን የተከፉ አልመሰሉም። ከኪሳቸው ሰዓት አውጥተው፣ “የስንት ሰዓቱ ባቡር?” አሉ።

ከሰዓት ፖሊኛኖ ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ሄድን። ቤቶቹ የገደሉ ጫፍ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ባሕሩ ከሥር አረንጓዴ ነው። ለሊሴ እስከ ማታ አኩርፋኝ ዋለች። ቪቶ ሁለት ጊዜ መታጠፊያ ሳተ። ምንም አልጠየቀኝም፤ ሾፌር አይጠይቅም።

ሰኞ፣ ባሪ ባቡር ጣቢያ

ቀድመውኝ ደርሰዋል። ሮኮ የድሮ ቀይ ቆባቸውን አድርገዋል፤ የጣቢያው ወጣት ሠራተኞች ሲያልፉ ሰላምታ ይሰጧቸዋል። ቪቶ ከሩቅ ከአንድ ምሰሶ ኋላ፣ ለሊሴ ከሌላኛው ምሰሶ ኋላ። ወደ ሱሉልታ ደወልኩና ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አደረግኩት።

“ቆመዋል?” አሉ ኦቦ ደበላ።

“ቆመዋል።”

“ስንት ናቸው?”

“ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ባቡር የሚጠብቀውም ሁሉ ቆሟል።”

“ጥሩ ነው። ንገሪያቸው።”

“ተመካክረናል” አልኩ። “ልጃችንን ሰጥተናል።”

ለሊሴ ከምሰሶው ኋላ ሆና ተረጎመች፤ ለመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ድምፅ አነሳትና ደገመችው። ኦቦ ደበላ በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። ቤታችሁ ይሙቅ። ሮኮ ቆባቸውን አወለቁ፤ “አሜን” አሉ፣ ማንም ሳይነግራቸው። ላማችሁ ትውለድ። “አሜን” አሉ ላም ኖሯቸው የማያውቀው ፀጉር አስተካካይ። የራቀው መንገድ ይቅረብ። ሻንጣ የያዙ ሁለት መነኮሳትና አንዲት ተማሪም “አሜን” አሉ። ለማን እንደሆነ ሳያውቁ።

ባቡሩ ገባ። ኒኖ በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ የወይራ እንጨት አቀበሉኝ፤ “ለወተቱ” አሉ፤ “ካቃጠላችሁት አይቀር የእኛን ሞክሩት።” ቪቶ ከምሰሶው ወጥቶ ሻንጣዬን ያዘ።

“ስምህ ማነው?” አልኩት፣ ገና እንደተዋወቅን ሁሉ።

ገባው። “ቪቶ” አለ፤ ጎንበስ ብሎም ጨበጠኝ።

ረቡዕ፣ ሱሉልታ

እናቴ ገና ሳልቀመጥ ጠየቀችኝ።

“ቆሙ?”

“ሁለት ቀን፣ እማዬ። አንደኛው ጉልበታቸውን ያማቸዋል።”

“ታዲያ ወንበር አልሰጠሻቸውም? ምን ዓይነት ልጅ ነሽ? ሽማግሌ እንዲህ ይቆማል?” አለች፤ ጃርሳ ይላክ ያለችው እሷ። ጋዜጣውን ፈትታ እንጨቱን አገላብጣ አየችው። ፍም ላይ ጣል አደረገችው፤ ጮጮውን ደፍታ አጠነችው። ሲበርድ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ረጅም ጊዜ አሸተተች። ኦቦ ደበላም መጥተው ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለታችንም አፍ አፏን እናያለን።

“ከእኛ ወይራ ያንሳል” አለች።

ደግማ አሸተተች።

“ግን ያጥናል” አለችና ወተቱን ቀዳችበት።