በቁም የሰካሁት ካርድ

ታላቅ ወንድሜ ጋሻ የያዘው ወዶ አይደለም። እኔ ነኝ ያስያዝኩት። ይህን ከእናቴ በስተቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሷም የነገርኳት ዘንድሮ ነው።

የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ወንድሜ መካኒሳ አንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠሩበት ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግን የኔ ነው። አሮጌ ኮምፒውተራችን ላይ ከሰፈር ጌም ቤት በፍላሽ ያስገለበጥነው ጌም ነበረን፤ ዘንዶ፣ የፈረሰ ቤተ መንግሥት፣ አጥንታቸው ብቻ የቀረ ወታደሮች ያሉበት። እናታችን "ይሄን አጋንንት የሞላበት ነገር" እያለች ታልፋለች። ወንድሜ "እማዬ፣ እኛ እኮ የምናባርራቸው ነን" ሲላት ሳትወድ ትስቃለች።

ጌሙን የሚጫወቱት ሁለት ሆነው ነው። ገና ሲጀመር አራት የመሣሪያ ዓይነት ያቀርብልሃል፦ ሰይፍ፣ ቀስት፣ በትር፣ ጋሻ። አንዴ ከመረጥክ እስከ መጨረሻው ያው ነው፤ አንዱ የያዘውን ደግሞ ሌላው መያዝ አይችልም። ሁለታችንም ዓይናችንን የጣልነው ሰይፉ ላይ ነበር። ሰይፍ ሲያርፍ ስክሪኑ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሻ የያዘ ግን ሥራው ከፊት ቆሞ ዱላ መቀበል ነው። በታላቅነቱ ሰይፉን ቢወስድ ማን ይከለክለው ነበር? እሱ ግን ደግ ነበር፤ የሚያናድድ ደግ።

"በካርድ እናድርገው" አለ።

ካርዱ የእናታችን ነው። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እያንዳንዳችን ዓይናችንን ጨፍነን ከአንድ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ካርድ እናወጣለን። በየካርዱ ላይ እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ በእጇ የጻፈችው የተስፋ ቃል አለ፤ የወጣልህ ቃል የዓመቱ ቃልህ ይሆናል። እኛ ቤት ያንን ጣሳ ሳያማክሩ የተደረገ ነገር የለም፤ ወደ ጀሞ ስንገባም ተጠይቋል። የወንድሜ ሐሳብ ቀላል ነው፦ እሱ ያወጣል፣ ካርዱ ላይ ከመሣሪያዎቹ የአንዱ ስም ካለ ያንን ይይዛል፣ ከሌለ ይደግማል።

ጣሳውን ከቁም ሳጥኑ ላይ ያወረድኩት እኔ ነኝ። የዩኒቨርሲቲ ምደባዬን የምጠብቅ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ልጅ ነበርኩ ማለት አልችልም። እግዚአብሔርን ጋሻ የሚለውን ካርድ ፈልጌ ከሌሎቹ ከፍ አድርጌ በቁም ሰካሁትና ጣሳውን ዘረጋሁለት። ዓይኑን ግጥም አድርጎ ጨፈነ። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ለጌም ብሎ መጸለዩ ሳቄን ሊያመጣው ሲል እንደምንም ያዝኩት። ጣቱ መጀመሪያ የነካው የሰካሁትን ነው።

አነበበው። ከዚያ አጥፎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

"ይሄ ለጌሙ ብቻ አይደለም" አለኝ።

ልጅ ሆኖ በታመመው ጉሮሮ ሰበብ ልቡ ተጎድቶ ስለነበር በየአራት ሳምንቱ ጤና ጣቢያ እየሄደ መርፌ ይወጋል። ከዚያ መርፌ የሚያላቅቀው ቃል እንዲመጣለት ሲጸልይ መክረሙን የነገረኝ ያን ቅዳሜ ነው። "እሱ ጋሻዬ ከሆነ መርፌ ምን ሊያደርግልኝ?" አለ፤ ፊቱ ወዝቶ። ጣሳው ገና እጄ ላይ ነበር።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ያልተናገርኩበትን ምክንያት ለራሴ ብዙ ጊዜ አሳምሬ አውርቼዋለሁ፤ እምነቱን እንዳልሰብር፣ እንዳላሳፍረው። ውሸት ነው። ሰይፉን እንዳይወስድብኝ ነው።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ምርጫው መሳካቱ ነው፤ ጋሻ ለእሱ የተሠራ ይመስል ነበር። እሱ ጋሻውን ከፊት ይደቅናል፣ እኔ ከኋላው ወጥቼ መትቼ እመለሳለሁ። ስወድቅ በዱላ መሐል ገብቶ እየጎተተ ያወጣኛል። "ከኋላዬ አትራቅ ብዬህ አልነበር?" ይለኛል።

መርፌውን ግን አቆመ። እናቴ "መርፌውንም የሰጠን ጌታ ነው" የምትል ሴት ናትና ከእሷ ደበቀው። ምደባዬ እዚሁ ከተማ ስለወጣ ከቤት አልራቅኩም፤ በመርፌው ቀን እኔን አስከትሎ ይወጣል፤ ጁስ ቤት ቁጭ ብለን አቮካዶ ጠጥተን እንመለሳለን። "ተወጋህ?" ትላለች። "ተወጋሁ" ሲላት እኔ አጎንብሼ ጫማዬን እፈታለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የኔ እውነት ግን እያደር ከበደ። ኅዳር ላይ ሰይፉ አስጠላኝ። ጥር ላይ ፈራሁ። ደረጃ ስንወጣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆሞ ትንፋሹን እስኪሰበስብ እጠብቀዋለሁ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ አራተኛ ፎቅ እንደርሳለን።

ግንቦት ላይ እዚያው ሁለተኛው ፎቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠና መነሳት አቃተው። ጎረቤት ተሸክሞ አወረደው። ሆስፒታል ሐኪሙ መርፌው ከቀረ ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀ፤ እናቴ "ኧረ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም" አለች። ወንድሜ ከኦክስጅኑ ጭምብል በላይ ዓይኖቹን ወደ እኔ አዞረ። እኔ ወለሉን አየሁ። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ከኪሱ የማይለየው ካርድ ከልብሱ ጋር ተመለሰልን። እናቴ ለሚያጽናናት ሁሉ ታሳያለች፤ "እስከ መጨረሻው ጋሻው ነበር" ትላለች።

ጌሙን አላጠፋሁትም። ያቆምንበት የመጨረሻው በር ሁለት ሰው ካልገፋው አይከፈትም። ማንም ሳይነካቸው ሲቀር የጌሙ ሰዎች ቆመው ይተነፍሳሉ፤ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ ይላል። ጋሻ የያዘው ጀርባውን ሰጥቶኝ ከፊቴ ይተነፍሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ከፍቼ አየዋለሁ፤ ሰይፍ የያዘውን አላንቀሳቅሰውም። ደረጃ ስወጣም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያንኑ ትንፋሽ ከጎኔ እሰማለሁ። እስኪበቃው ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ሰው ሲያልፍ ስልኬን የማይ እመስላለሁ።

ዘንድሮ መስከረም ሲገባ እናቴ ጣሳውን ይዛ ክፍሌ መጣች። ስክሪኑን አይታ ቆመች።

"የቱ ነው እሱ?"

"ጋሻ የያዘው።"

ፊቷ በራ። "አየህ? ቃሉ እኮ ነው። በል፣ አንተም ያንተን አውጣ" ብላ ጣሳውን ዘረጋችልኝ።

እጄ አልገባ አለ። ካርዱን እንዴት እንደሰካሁት ነገርኳት። የመርፌውን ነገርኳት፣ የጁስ ቤቱንም። ስጨርስ ከኋላዬ ስክሪኑ ላይ እሱ አሁንም ይተነፍስ ነበር፤ እሷ የምታየው እሱን ነው።

"ሲያወጣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር?" አለችኝ።

"ግጥም አድርጎ።"

"አንተስ?"

"የኔ ክፍት ነበር።"

የጣሳውን ክዳን ገጥማ ይዛው ወጣች። የዓመቱ ቃል ሳይኖረኝ ይኸው ኅዳር ገባ።